የጾመው ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት የኮንዶሚኒየማችን አትክልተኛ ከሕንፃው ጀርባ የከመረውን የታጨደ ሣር በመንሽ ሲገለብጠው ከሥሩ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። ማለዳው ብርድ ነበርና እጄን ዘርግቼ እንፋሎቱ ላይ ያዝኩት። ሞቀኝ። ሽታው መጥፎም ጥሩም አይባልም፤ የከረመ የጠላ አተላ ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ዓይነት ነው። አትክልተኛው ቀና ብሎ "እትዬ፣ ምነው በደህና?" አለኝ። "እጄን በርዶኝ ነው" አልኩት። እሱም አላመነኝም፣ እኔም ላስረዳው አልፈለግሁም። በዚህ ዕድሜዬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ትዝታዬን ማራገፍ ይደክመኛል።

ለአንቺ ግን ልንገርሽ፤ መቼስ ጀምሬዋለሁ።

ያደግሁት ቆላ ነው፣ ነገሌ ቦረና። አባቴ አስተማሪ ነበር። የትውልድ አገሩ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ነው፤ ሥራ የጀመረው ግን ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ስለነበር በየዓመቱ ወደ እናቱ አገር እንዲያዛውሩት ይጠይቃል። እነሱም አላሳፈሩትም፣ ያዛውሩታል፤ ግን እዚያው በዚያው። ከቦሬ ወደ ሜጋ፣ ከሜጋ ወደ ነገሌ። "ሰሜን ስላቸው ደቡብ ይሰማቸዋል" እያለ ይስቅ ነበር። እናቴ ግን በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

እናቴ የገበሬ ልጅ ናት። ከአትክልት የተላጠውን፣ ከግቢ የተጠረገውን እንዲሁ መጣል አትችልም። በሄድንበት ሁሉ ከማድቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ልጣጩን፣ አመዱን፣ የቡና አሸሩን፣ የረገፈውን ቅጠል በየተራ እያነጠፈች፣ አፈር እያለበሰች ታበሰብሰዋለች። አሁን ኮምፖስት ይሉታል፤ ሥልጠና አለው፣ አበልም አለው። እሷ "አፈር መሥራት" ነበር የምትለው። ቦሬ ሳለን ብርዱና ዝናቡ ረድቷት ጥቁር አፈር ሠራች፣ ድንች ተከለችበት፣ ድንቹ ሊወጣ ሲል ተዛወርን። "ግድ የለም፣ የሚተካን ሰው ይብላው" አለች። ሜጋ ላይ ደግሞ ጉድጓዱ በስሎ ሊከፈት ሲል ዕቃችን መኪና ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ምንም አላለችም። ነገሌ የገባን ዕለት ግን ጓዛችን ሳይፈታ ለአባቴ፣ "እዚህስ አልቆፍርም። የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት አፈር መሥራቷ ለጅብ ማረድ ነው" አለችው።

ስእለቷን ብዙ አልጠበቀችም። የነገሌ መሬት ቀይ ነው፤ ጠዋት ብትጠርጊው ቀትር ላይ ነፋሱ መልሶ በምድጃሽ ላይ ያለብስልሻል። ጎመን ከቦሬ በጭነት መኪና ይመጣ ነበር፤ ሲደርስ ጠውልጎ፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ፣ ለእሱም ሰልፍ አለ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ እናቴ የጎመኑን ወጥ በእንጀራ ጠቅለል አድርጋ ሳትጎርስ ያዘችው። "አንድ ጊዜ ብቻ" አለች። "የሠራሁትን አፈር አንድ ጊዜ ብቻ እኔው በልቼበት ልሂድ። ከዚያ የፈለጉበት ይውሰዱን።" አባቴ እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ከትምህርት ቤት ዶማ ሊዋስ ሄደ። እናቴ ለራሷ አንድ ነገር ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የቆፈረችው ከጎረቤታችን ጋር የምንዋሰንበት የእሾህ አጥር ሥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ምግብ ቤት አለ። ባለቤቶቹ የአገሩ ሰዎች፣ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለሾፌሩና ለከብት ነጋዴው የፍየልም የግመልም ሥጋ ያበስላሉ። የምግብ ቤቷን እመቤት የሰፈሩ ሰው በሙሉ "አዮ" ይላቸዋል፤ በአገሩ ቋንቋ እናት እንደማለት ነው። ሰፊ ሴት ነበሩ፤ ሲራመዱ ነጠላ ጫማቸው ከእሳቸው ይቀድማል። እናቴ ወገቧ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትቆፍር በአጥሩ ቀዳዳ አዩዋት።

"አካም፣ የመምህሩ ባለቤት? ናጋ ነው፣ ሰላም ነው? ሰው ሞተባችሁ እንዴ?"

"ናጋ ነው አዮ። ለቆሻሻ ነው። ይበሰብስና ጎመን እተክልበታለሁ።"

"ኮሲ ላይ ጎመን?" አሉ አዮ፤ ቆሻሻ ላይ ማለታቸው ነው። "እኔ ዘንድ ያለው ኮሲ ለአምስት እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይበቃል" ብለው ተመለሱ። በማግስቱ አጥሩ ላይ የነበረው ቀዳዳ ሰው የሚያሾልክ ሆኖ አገኘነው። የሽንኩርት ልጣጭ በጆንያ፣ የድንች ልጣጭ፣ የሻይ አተላ፣ ማታ የቃሙት ሰዎች የተዉት የጫት ገረባ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀዳዳ ይመጣ ጀመር። ጉድጓዱ የእናቴ መሆኑ ቀርቶ የሁለት ቤት ሆነ።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ደረቁን ከእርጥቡ ካላስማማሽው አይበሰብስም። ገረባውና ቅጠሉ ደረቅ ነው። ውኃ ይፈልጋል፤ የሚያሞቀው ነገር ይፈልጋል። ውኃ ነገሌ ላይ በበርሜል በአህያ ጋሪ የሚመጣ ነው፤ ለቆሻሻ ውኃ ማጠጣት ነውር ብቻ ሳይሆን እብደት ነበር። አዮ ግን መላ ነበራቸው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሰዎች ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት ቦታ አለ። ውኃው በትንሽ ቦይ በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ መንገድ ይወጣል። "ቦዩን ወደ ጉድጓዱ ልመልሰው?" ብለው ጠየቁ። እናቴ "ይቆየኝ አዮ፣ ይቆየኝ" ብላ በትሕትና አሳለፈችው። ማታ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ፤ "የጸሎት ውኃ ቆሻሻ ላይ ላፍስስ? የሰው ሃይማኖት እኮ ነው። እነሱ ለእኔ ብለው እሺ ቢሉ እኔ እንዴት እሺ እላለሁ?"

የሚያሞቀውም ነገር ቢሆን እዚያው ነበር። ምግብ ቤቱ በየዕለቱ ስለሚያርድ ፈርሱ፣ ያ ከሆድ ዕቃው የሚወጣው አረንጓዴ ነገር፣ ከዚያ የተሻለ አሟቂ የለም። ጠዋት ጠዋት በበርሜል ሞልተው በአህያ ጋሪ ከከተማ ውጭ ሲያስደፉት እናቴ በአጥሩ ታያለች። አትጠይቅም። "ሰው ያልሰጠሽን አትጠይቂም" ትለኝ ነበር። አዮም አያነሡትም።

አባቴ ከሥራ ሲገባ በየቀኑ "እህ፣ ተማሪያችን አለፈ ወይስ ደገመ?" እያለ ይጠይቃል። "ገና ፈተና ላይ ነው" እንለዋለን። እኔም በልቤ እንዲያልፍ እጸልይ ነበር፤ ለራሴ ፈተና እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሀገያ የሚሉት ዝናብ ሊገባ ሰማዩ ሲዳምን፣ እናቴ ጉድጓዱን ከፈተችው። አካፋው ሲገባ ሸረክ፣ ሸረክ አለ። የደረቀ ነገር ድምፅ ነው። ገረባው እንደ ነበረ ነው። የሽንኩርቱ ልጣጭ ቀለሙን እንኳ አልለቀቀም። የድንቹ ልጣጭ ደርቆ የጫማ ቆዳ ሆኗል። እናቴ አካፋውን ጥላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። "ደከመኝ" ብቻ አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም፤ ድምፁ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ራሴ ዛሬ በዚያ ድምፅ ስናገር አንዳንዴ እሰማዋለሁ።

አዮ በአጥሩ ሾልከው መጡ። አንድ እፍኝ አንሥተው አዩት፤ በእጃቸው ተፈረካከሰ።

"ይሄ ውኃ ጠምቶታል" አሉ። "ቦዩን ልልቀቅልሽ ስልሽ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"እንዴት እሺ ልበል፣ አዮ? የሶላት ውኃ እኮ ነው። ጸበል ቆሻሻ ላይ ይደፋል?"

አዮ ነገሩ ወዲያው አልገባቸውም። ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ጸበል? ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የሾፌር እግር የታጠበበት ውኃ ነው። ወላሂ የሜጋ መንገድ አቧራ ነው እንጂ ሌላ የለበትም። የሚነጻው ሰውየው ነው እንጂ ውኃውማ ያው ውኃ ነው።"

እናቴ አልሳቀችም። ደክሟት ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ሳትጠይቅ የኖረችውን ጠየቀች። "እሺ፣ የውኃውስ ይሁን። አንቱ ግን ፈርሱን ለምን ነፈጉኝ? በየጠዋቱ በፊቴ ሲያልፍ አየዋለሁ።"

የአዮ ሳቅ ቆመ። "እኔ? እኔ ለአንቺ ልንፈግ?" አሉ፤ በጣም እንደ ተሰማቸው ያስታውቃሉ። "ግመል አለበት እኮ። እናንተ ግመል አትነኩም። ፍየሉም ቢሆን በእኛ ቢላ ነው የታረደው። ጎመንሽን ላረክስብሽ ኖሯል? ለአንቺ ብዬ ነው ጋሪ የምከራየው።"

ሁለቱ ተያዩ። አንዲት ዝንብ በጉድጓዱ ላይ ትዞራለች፤ ከምግብ ቤቱ የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል። እናቴ ጎንበስ ብላ ከቀሚሷ ላይ አቧራ አራገፈች። የተወለደችበት አገር የግመል ሥጋ የበላ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ያንን እያሰበች እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። በመጨረሻ፣ "እኔ የምበላው ጎመኑን ነው" አለች። "ጎመኑ የበላውን ጎመኑ ይጠየቅበት። ያምጡት፣ አዮ።"

ማታ አባቴ ታሪኩን ሲሰማ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ተከባብራችሁ፣ ተከባብራችሁ ጉድጓዱን አጾማችሁት" አለ። እናቴም አብራው ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየቀነሰ ሄደና፣ "አዎ፤ ግን አንድ ዝናብ አለፈኝ" አለች። ክፉ ያሰበ ሰው ቢኖር በእሱ ይናደዱ ነበር። እዚህ የሚናደዱበት ሰው የለም፤ አንዷ ለሌላዋ ስትሳሳ ዝናቡ ሄደ። ይኼ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ። ፈርሱ በባልዲ በአጥሩ ቀዳዳ መጣ፣ ቦዩ ተመለሰ፣ ጉድጓዱ ከሥር እስከ አፉ እንደ አዲስ ተነጠፈ። አንድ ንጣፍ ገረባ፣ አንድ ንጣፍ ፈርስ፣ አመድ ነስነስ፣ አፈር ሸፈን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽታው ለጠላት አይመኙትም። የቀበሌው የጽዳት ኃላፊ አፍንጫውን ይዞ ሊዘጋው መጣ፤ አዮ አስቀምጠው ሻይ ደገሙለት፣ ቅቅል ጨመሩለት፣ የመጣበትን ረስቶ ሄደ። ሙቀቱን የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። አንድ ፌሮ ብረት ጉድጓዱ መሐል ሰክተን ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ብረቱን መዝዤ በመዳፌ እይዘዋለሁ። አንድ ቀን ያቃጠለኝና ጣልኩት። እናቴና አዮ ከሁለት ወገን ሮጠው መጥተው ብረቱን እየተቀባበሉ ያዙት። "ትኩሳት ይዞታል" አሉ አዮ። እናቴ ብረቱን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እንደዚያ ደስ ያላት ቀን አላስታውስም።

በበጋው ሁለት ጊዜ ገለበጥነው። ሲከፈት ጥቁር ነው፤ እፍኝ ሲይዙት ይጨበጣል፣ ሲለቁት ይፈታል። ገረባውም ልጣጩም የለም። ሽታው ቦሬን ይመስል ነበር፣ ከዝናብ በኋላ ያለውን ጫካ። አባቴ ተጠርቶ መጣ፤ መነጽሩን አስተካክሎ አየውና "አልፏል፤ ያውም አንደኛ ወጥቶ" አለ።

በዚያ ዓመት ጋና የሚሉት የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ሰው በየቀኑ ሰማይ እያየ ዋለ። በስተመጨረሻ ግንቦት ሲገባ ጣለ፤ እናቴ አፈሩን አጥሩ ሥር በመደብ ዘርግታ ጎመን ዘራች። አዮ አዘራሩን ከእናቴ እየተማሩ በጣታቸው ቀዳዳ ያበጁ ነበር። የበቀለው ሲታይ ሁለታችንንም ጠርተው በሹክሹክታ "ነቃ" አሉን። የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል ጮክ ብለው አልተናገሩም።

አባቴ የመጣው ሰኔ ላይ፣ በማይመጣበት ሰዓት ነው። እናቴ ተጎንብሳ የተጨናነቀውን ቡቃያ ትነቅላለች። በሩ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣው በእጁ ነው።

"መጣ" አለ።

ምን እንደ መጣ ማንም አልጠየቀውም። ስንት ዓመት የጠበቀው ሰሜን መጥቷል። እናቱ ታመው ነበር፤ ቶሎ ካልደረሰ በሕይወት ላያገኛቸው ይችላል። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቀና ሳትል "መቼ?" አለች።

"መኪና እንደተገኘ። በዚህ ሳምንት።"

አንድ ቡቃያ ነቀለች፣ ሥሩን አራገፈች፣ አስቀመጠችው። "እስኪደርስ ብንቆይስ?"

"ምን እስኪደርስ?"

"ጎመኑ።"

አባቴ የሚቀልድ ሰው ነበር። ያን ቀን አልቀለደም። መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለና በማያውቅበት እጁ ቡቃያ ይነቅል ጀመር፤ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ። እናቴ አልከለከለችውም።

የተነሣንበት ጠዋት አንድ ኤን ትሬ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ሞተሩ ይንደቀደቃል። አዮ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ይዘው መጡ፤ ቡቃያውን ከነአፈሩ አንሥተው በዚያ ሊሰጧት ነው። እናቴ እጃቸውን ያዘች።

"ይተዉት አዮ፣ መንገድ አይችልም። እዚሁ ይደግ። አንቱ ይብሉት።"

"እኔ?" አሉ አዮ። ቆርቆሮውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ያ ኢንታላ፣ እኔ ቤት ጎመን ማን ይበላል? ሁሉም ሥጋ በላ ነው። እኔም ከተወለድሁ ቀምሼው አላውቅም።"

እናቴ አየቻቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ባልዲ ያመላለሱት፣ ቦይ ያስቀየሱት፣ በጣታቸው የተከሉት፣ ለማይበሉት ነገር ነበር። አንገታቸውን አቅፋ ቆየች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔ መኪናው ላይ ሆኜ አለቀስሁ፣ እፍረቴን ሻሼ ውስጥ ደብቄ።

አያቴን ደርሰንባቸው ጥቂት ጊዜ ቆዩልን። የገባንበት ግቢ ሰፊ ነው፣ መሬቱ ጥቁር ነው፤ በየትም ብትጭሪው ቅባት ያለው አፈር ይወጣል። ዝናቡ አይጠፋም። አባቴ ወደ ጓሮ ወስዷት "ይኸውልሽ" አላት። "እዚህ ምንም መሥራት አያስፈልግሽም፤ የተሠራ ነው።" እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።

ነሐሴ ላይ፣ ከነገሌ በሬ ጭኖ አዲስ አበባ ያራገፈ ሾፌር ጤፍ ሊጭን እኛ ከተማ ድረስ መጣ። በሠፈራችን ጠያይቆ አገኘን። ከአዮ የቃል መልእክት ይዞ ነበር፤ እንዳይረሳው መንገዱን ሁሉ ለራሱ እየደጋገመው መጥቷል። "ጎመኑን ለፍየል አልሰጠሁትም በላት። ራሴ በላሁት፣ ሁሉንም። ይመራል በላት።"

እናቴ አስደገመችው። ሲደግመው ሳቀች፣ ከመጣን ጀምሮ ያልሳቀችውን ያህል። ለሾፌሩ ምሳ አቀረበች፣ ሸኘችው። ከዚያ ለእራት ድንች ልትልጥ ማድቤት ገባች።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጣጩን በሳፋ ይዛ ስትወጣ አየኋት። በጓሮው በኩል እስከ ድንጋዩ ካብ ሄደች። ከካቡ ወዲያ የነበረችው ጎረቤት "ጤና ይስጥልኝ" ብላ ወደ ቤቷ ገባች። እናቴ ሳፋዋን እንደ ያዘች እዚያው ቆመች። በጣም ስትቆይብኝ ሄድኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም" አለች። "ይኼን የት እንደምጥለው ጠፍቶኝ ነው።"

እኔም አላወቅሁም። ከካቡ ሥር የሚያልፈውን የጎርፍ ቦይ አሳየኋት። ደፋችው፤ ውኃው ልጣጩን ወሰደው፣ እሷም ሳፋውን አለቅልቃ ገባች። ከዚያ ወዲያ እናቴ ጉድጓድ አልቆፈረችም።